ከዋሻው ጀርባ የተኙት እነማን ናቸው? የካህኑ ንጉሥ የይምርሐነ ክርስቶስ ሕይወት

ሰቆጣ ተወልዶ ያደገ ሰው ስለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ሳይሰማ አያድግም። ከከተማዋ ወጣ ብሎ የሚገኝ፣ ከአለት የተፈለፈለ ቤተ ክርስቲያን ነው። ውስጡ በሳጥን የተቀመጡ፣ ቆዳቸው አጥንታቸው ላይ ደርቆ የቀረ ሰዎች አሉ። የአካባቢው ሰው ዋግሹሞቹ ናቸው ይላል፤ ዋግን ለዘመናት የገዙት ሹማምንት ማለት ነው።

ዋግሹሞች ደግሞ የዛግዌ ነገሥታት ዘር ነን ባዮች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1270 ዙፋኑ ወደ ይኩኖ አምላክ ሲዞር ለዛግዌ ልጆች ዋግ ተሰጣቸው፣ ነጋሪት የማስመታትና በንጉሥ ፊት በወንበር የመቀመጥ ክብርም ቀረላቸው ይባላል። እንግዲህ የሰቆጣን ሳጥኖች ክር ይዘን ወደ ኋላ ብንስብ ወደ አንድ ሌላ ዋሻ ይወስደናል። እዚያ ሣጥን የለም። በሺዎች የሚቆጠር የሰው አጥንት መሬት ላይ ተዘርግቶ ነው ያለው። ከፊቱ ደግሞ አንድ ንጉሥ ተኝቷል። ዛሬ የምንተርክላችሁ የእሱን ሕይወት ነው፤ ይምርሐነ ክርስቶስ ይባላል።

ስሙ ግዕዝ ነው፤ ክርስቶስ ይምራን ማለት ነው። የነገሠው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ግድም ነው። ቤተ ክርስቲያን ቅዱሳን ብላ ከምታከብራቸው አራት የዛግዌ ነገሥታት አንዱ ሲሆን ሌሎቹ ሐርቤ፣ ላሊበላና ነአኩቶ ለአብ ናቸው። ስለ ላሊበላ ሁሉም ያውቃል። የይምርሐነን ስም ግን ብዙ ሰው የሚሰማው ላሊበላ ደርሶ አስጎብኚው እግረ መንገድ ሲጠራለት ነው። ያሳዝናል፤ ምክንያቱም የላሊበላ ሕንጻዎች ከመታነጻቸው በፊት የእሱ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ ነበር።

ሕይወቱን የምናውቀው በዋናነት ከገድሉ ነው። ገድሉ የተጻፈው ንጉሡ ከሞተ ብዙ ዘመን በኋላ ነው። ስለዚህ የምንነግራችሁን ስትሰሙ ይህንን ያዙልን፤ ጸሐፊው ሊያሳየን የፈለገው ቅዱሱን ነው እንጂ የቤተ መንግሥት መዝገብ ሊያስቀምጥልን አልነበረም።

አባቱ ግርማ ሥዩም ይባላል። የግርማ ሥዩም ወንድም ጠንጠውድም በዙፋን ላይ ነበር። ይህ ጠንጠውድም ተረት አይደለም፤ በትግራይ ላለ ቤተ ክርስቲያን መሬት የሰጠበት ጽሑፍ በወንጌል መጽሐፍ ላይ ተመዝግቦ ደርሶናል። ሕፃኑ ሲወለድ ይነግሣል የሚል ትንቢት ወጣ። አጎትየው ይህን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ መገመት አይከብድም፤ ልጁን ሊያስገድለው ፈለገ። እናቱ ይዛው ሸሸች። ንጉሥ ዘመዱን የሚፈራበት ታሪክ በአገራችን አዲስ አይደለም፤ በላሊበላ ገድልም በወንድሙ በሐርቤ በኩል ያው ነገር ይደገማል።

በስደት ያደገው ልጅ ጦር መወርወር ሳይሆን መጽሐፍ ነው የተማረው። ዲያቆን ሆነ፣ ቆይቶም ቅስና ተቀበለ። አጎቱ ሲሞት ተፈልጎ መጣና ነገሠ፤ ክህነቱን ግን አልተወም። ገድሉ ላይ ትልቁ ነገር ይሄ ነው። ቀን በዙፋን ተቀምጦ ይፈርዳል፣ ቅዳሴ ሲደርስ ደግሞ መቅደስ ገብቶ ይቀድሳል። ለቅዳሴ የሚሆነው ኅብስትና ወይን ከሰማይ ይወርድለት ነበር ይላል ገድሉ።

በነገራችን ላይ በዚያው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አውሮፓ ውስጥ ቄስ ዮሐንስ ስለሚባል፣ በሩቅ ምሥራቅ ስለሚኖር ካህንም ንጉሥም ስለሆነ ሰው ወሬ ይናፈስ ነበር። በስሙ የተጻፈ የሐሰት ደብዳቤ እንኳን እ.ኤ.አ. ከ1165 ገደማ ጀምሮ ከእጅ ወደ እጅ ይዞር ነበር። ኋላ ፖርቱጋሎች ይህን ሰው ፍለጋ ነው እኛ አገር የመጡት። ወሬው ከላስታ ተነሣ ለማለት ማስረጃ የለም። ግን አውሮፓ በምናቡ ካህን ንጉሥ ሲፈልግ፣ በላስታ ተራራ ሥር እውነተኛው ይቀድስ ነበር ብሎ ማሰብ ደስ ይላል።

ስለ አገዛዙ የሚነገረው አጭር ነው። 40 ዓመት ገዛ ይባላል። አንድ ወንድ በአንዲት ሚስት እንዲጸና አዘዘ፤ ከእሱ በፊት በነበሩት ዘንድ ብዙ ማግባት የተለመደ ነበርና ትእዛዙ ቀላል አልነበረም። ጦርነትና ዘመቻ ገድሉ ውስጥ ቦታ አላገኙም።

ያስታወሰው ግን ሕንጻው ነው። በመልአክ ተመርቶ ወግረ ስሒን ወደሚባል ቦታ መጣ፤ የዕጣን ኮረብታ እንደማለት ነው። ከአቡነ ዮሴፍ ተራራ በአንዱ ጎን፣ ወደ 2,700 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በጥድ ደን የተከበበ ሰፊ ዋሻ አለ። ይምርሐነ ዋሻውን አልፈለፈለም። ዋሻው ውስጥ ቤት ሠራ። ልዩነቱን ልብ በሉ፤ ላሊበላ አለትን እየቀነሰ ቤተ ክርስቲያን አወጣ፣ ይምርሐነ ግን እንጨትና ድንጋይ እየደረበ አቆመ። አንድ ረድፍ ጥቁር እንጨት፣ አንድ ረድፍ ነጭ ልስን፣ ደግሞ እንጨት፣ ደግሞ ልስን። ከአክሱም ዘመን የወረደ አሠራር ነው። ጣሪያው በእንጨት ጥበብና በእንስሳት ሥዕል ተሞልቷል። ዕቃው ከግብፅ መጣ ይባላል፤ ወለሉ ሥር ደግሞ ውሃ እንዳለ ይነገራል። ከጎኑ የንጉሡ ቤተ መንግሥት ነበር የሚባል አነስ ያለ ሕንጻ ቆሟል። ዝናብና ፀሐይ ስለማያገኛቸው ይኸው ዛሬም አሉ።

ንጉሡ ሲያርፍ እዚያው ዋሻ ውስጥ ተቀበረ። መታሰቢያው ጥቅምት 19 ነው።

አሁን እዚያ የሚሄድ ሰው ከላሊበላ 42 ኪሎ ሜትር ያህል በመኪና ተጉዞ፣ ዳገቱን በጥዱ መሃል ወጥቶ ይደርሳል። ቤተ ክርስቲያኑን ያያል፣ መቃብሩን ይሳለማል። ከዚያ ወደ ጨለማው፣ ወደ ዋሻው ጀርባ ሲያልፍ ነው ድምፁ የሚጠፋው። አጥንት። የራስ ቅል፣ ጭን፣ የጎድን አጥንት፤ አንዳንዱ በሰሌንና በጨርቅ እንደተጠቀለለ፣ አንዳንዱ ላይ ቆዳ ደርቆ እንደቀረ። ቲክቶክ ላይ ያያችሁት ትኖራላችሁ። በስልክ መብራት የራስ ቅል ላይ አብርቶ መሳቅ ለእኛ አይዋጥልንም፤ ነገሩን አንብባችሁ ስትጨርሱ እናንተም እንደዚያ ይሰማችሁ ይሆናል።

እነማን ናቸው? አፈ ታሪኩ እንዲህ ነው። የካህኑ ንጉሥ ዜና ግብፅ፣ ሶርያና ኢየሩሳሌም ድረስ ተሰማ። በዚህ ቦታ ለሞተና ለተቀበረ ምሕረት እንደሚደረግለት ቃል ኪዳን ተሰጥቶ ነበርና ሰዎች በሺዎች ሆነው ባሕርና በረሃ አቋርጠው መጡ፤ እዚህ ጸለዩ፣ እዚህም ሞቱ። አጥንቱ የእነዚያ ተሳላሚዎች ነው።

ስለ ቦታው የጻፈ የውጭ ሰው ቀድሞ የመጣው በ1520ዎቹ እ.ኤ.አ. ነው። ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ የሚባል ፖርቱጋላዊ ቄስ፣ በአፄ ልብነ ድንግል ዘመን ከመልእክተኞች ጋር አገራችን ገብቶ ዋሻውን አየ። በስፋቱ ተገረመ። ንጉሡን አብርሃም ብሎ ነው የጠራው፣ 40 ዓመት ካህን ሆኖ እንደኖረም መዘገበ። ሌላም ነገር ሰምቶ ጻፈ፤ ከንጉሡ መቃብር ሌላ፣ ቅድስናውን ሰምቶ ከእስክንድርያ የመጣ ፓትርያርክ እዚህ ሞቶ ተቀብሯል ተባለ። ታሪክ እዚህ ላይ ያደናቅፋል። ወደ ኢትዮጵያ እንደመጣ በደንብ የሚታወቀው የመጀመሪያው የግብፅ ፓትርያርክ በአፄ ቴዎድሮስ ዘመን የመጣው ቄርሎስ 4ኛ ነው፤ ይምርሐነ ካረፈ ስድስት ወይም ሰባት መቶ ዓመት በኋላ ማለት ነው። እና መቃብሩ የማን ነው? ምናልባት የአንድ ግብፃዊ ጳጳስ ወይም መነኩሴ፤ ወሬ ደግሞ በየትውልዱ ማዕረግ ይጨምራል።

አሁን ወደ አጥንቶቹ እንመለስ። ከጥንት ቦታ የተገኘ የሰው አጥንት የሚያጠና የሙያ ዘርፍ አለ። ሥራው ፊልም ላይ እንደምናየው አይደለም፤ ብዙው መቁጠር፣ መለካትና መመዝገብ ነው። የዋሻውን ጥያቄ ለእንደዚህ ዓይነት ባለሙያ ብናቀርብለት ምን ያደርጋል? እስቲ እንከተለው።

መጀመሪያ ብዛቱን ያጣራል። አጥንት ሲደባለቅ ዝም ብሎ መቁጠር ያሳስታል፤ አንድ ሰው ከ200 በላይ አጥንት ስላለው ጥቂት ሰው ብዙ መስሎ ይታያል። ስለዚህ አንድ ዓይነት አጥንት ብቻ ይመረጣል፤ ለምሳሌ የቀኝ ጭን። አንድ ሰው ያለው አንድ የቀኝ ጭን ነው። ሺህ የቀኝ ጭን ካለ ቢያንስ ሺህ ሰው አለ ማለት ነው።

ቀጥሎ ወንድ ይሁን ሴት ይለያል። ይህ ከዳሌ አጥንት ይታወቃል፤ የሴት ዳሌ ለመውለድ የሰፋ ነውና። ዕድሜ ለማወቅ ደግሞ ወጣት ከሆነ የአጥንት ጫፎች መጋጠማቸው ይታያል። የአንገት አጥንታችን ውስጠኛ ጫፍ ሙሉ በሙሉ የሚገጥመው ወደ 30 ዓመት ስንጠጋ ነው። ብዙዎቻችሁ ይህን በምታነቡበት ሰዓት ገና እያደገ ነው ማለት ነው! ይህ ለዋሻው ትልቅ ነገር ነው። አጥንቱ የሩቅ መንገደኛ ከሆነ አብዛኛው ጎልማሳ መሆን አለበት፤ ሕፃናት በብዛት ከተገኙ ግን በረሃ ያቋረጠ ተሳላሚ ሳይሆን የአካባቢው ቤተሰብ ልጆቹን እዚህ ሲቀብር ኖሯል ማለት ነው።

የሚገርመው ግን ጥርስ ነው። የጥርስ ሽፋን በልጅነት ይሠራል፣ ከዚያ በኋላ አይለወጥም። በልጅነታችን የጠጣነው ውሃና የበላነው እህል የበቀለበት አለት ምልክቱን እዚያ ላይ ይተዋል። ምልክቱ ስትሮንቲየም የሚባል ንጥረ ነገር ነው። የላስታና የዋግ ተራራ እሳተ ገሞራ የወለደው ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ኢየሩሳሌም የቆመችው በኖራ ድንጋይ ላይ ነው። የሁለቱ ልክ ይለያያል። ስለዚህ ከኢየሩሳሌም የመጣ ሰው እዚህ ሞቶ ስምንት መቶ ዓመት ቢተኛም ጥርሱ አገሩን ይናገራል። የግብፅ ትንሽ ይወሳሰባል፤ ዓባይና ተከዜ የኛን አፈር እየጠረጉ ወደዚያ ስለሚወስዱ የግብፅ ገበሬ ጥርስ ውስጥም የኛ ተራራ ትንሽ አለበት። ተከዜ ደግሞ ዋግን አልፎ ነው የሚሄደው።

ምግብም ይታወቃል። ጤፍና ማሽላ ካርቦንን የሚይዙበት መንገድ ከስንዴና ከገብስ ይለያል፤ ልዩነቱ ወደ በላተኛው አጥንት ይገባል። ዕድሜ ልኩን የጤፍ እንጀራ ወይም የማሽላ ቂጣ የበላ ሰውና የስንዴ ዳቦ የበላ ሰው ይለያሉ። ደጋ ላይ ገብስ የበላ ሰው ግን ስንዴ ከበላው ጋር ይቀራረባል፤ ስለዚህ ባለሙያው የጥርሱንም የምግቡንም ምስክርነት አንድ ላይ ይሰማል።

በሽታ ደግሞ አለ። ሥጋ ደዌ አፍንጫ ዙሪያና ጣቶች ላይ፣ የሳንባ ነቀርሳ አከርካሪ ላይ ምልክት ይተዋል። በልጅነት የተራበ ወይም ክፉኛ የታመመ ሰው ጥርሱ ላይ ስርጉድ መስመር ይቀርበታል። ሰው ምሕረት ፍለጋ ወደ ቅዱስ ቦታ የሚሄደው ብዙ ጊዜ ሲታመም ስለሆነ፣ እነዚህ ምልክቶች የመጣበትን ምክንያት ሊነግሩን ይችላሉ።

ይሄ ሁሉ በአገራችን ያልተሞከረ እንዳይመስላችሁ። ላሊበላ አጠገብ ቅድምት በሚባል ቦታ የመካከለኛው ዘመን መካነ መቃብር አለ፤ እ.ኤ.አ. በ2010 እና በ2012 ተመራማሪዎች ቆፍረው አጥንቶቹን አጥንተዋል። ከመካከላቸው ኢቭ ግሌዝ የሚባለው ፈረንሳዊ ሙያው በትክክል ይሄው የመቃብርና የአጥንት ጥናት ነው። በጋሞ ደጋ ሞጣ ዋሻ ውስጥ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2012 የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው ሰው ተገኘ። ወደ ዋሻው የመሯቸው የአካባቢው ሰዎች ናቸው። ባይራ ተባለ፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ከጆሮው ውስጥ ካለው ጠንካራ አጥንት ዲኤንኤ ወጣ፣ እ.ኤ.አ. በ2015ም ከአፍሪካ የጥንት ሰው ሙሉ የዘር መረጃው ሲነበብ የመጀመሪያው ሆነ። ዋሻው ቀዝቃዛና ደረቅ መሆኑ ነው የጠበቀው። ይምርሐነ ክርስቶስም፣ የሰቆጣው ውቅር መስቀለ ክርስቶስም በደጋ ናቸው።

ግን እዚህ ላይ ቆም እንበል። ባይራ ዘመዶቹ የማያስታውሱት ሰው ነው። የይምርሐነ ዋሻ አጥንት ግን ዛሬም በየዕለቱ ጸሎት የሚደርስበት ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ነው ያለው። ለተመራማሪ ናሙና ነው፤ ለካህኑ ግን ትንሣኤ የሚጠብቅ ሰው ነው። አንዲት ጥርስ ለመመርመር ትንሽ መቦርቦር ያስፈልጋል፣ እሷም ብትሆን ያለ ፈቃድ አትነካም። በአዋጅ ቁጥር 209/1992 መሠረት ቅርስ ላይ ለመመራመር የመንግሥት ፈቃድ ይጠየቃል። እኛ ግን ከወረቀቱ በፊት የካህናቱና የአካባቢው ሽማግሌዎች ቃል መቅደም አለበት ባዮች ነን። የንጉሡን መቃብር መክፈት ደግሞ ጭራሽ አይታሰብም። የማወቅ ጉጉታችን ያን ያህል አይደለም።

ዝም ብሎ መተውም ግን መጠበቅ አይደለም። መሬት ላይ የተዘረጋ አጥንት በጎብኚ እግር ይሰበራል፣ ከቦታው ይንቀሳቀሳል፣ እንደ ማስታወሻ በኪስ ሊወጣም ይችላል። የአንድ ሰው ቅል ከአካሉ ከተለየ በኋላ ማንም መልሶ አያገናኘውም። ሳይነኩ ፎቶ አንስቶ፣ ቆጥሮ፣ የትኛው የት እንደተኛ መመዝገብ ብቻውን ብዙ ነገር ያድናል። ለዚህ መሰርሰሪያ አያስፈልግም፤ ትዕግሥትና አጥር ይበቃል።

የእኛ ግምት ምንድን ነው? ሁሉም ከግብፅና ከሶርያ መጡ የሚለውን በሙሉ ለመቀበል ይከብደናል። አንዳንዶቹ የሩቅ እንግዳ ቢሆኑ አይገርመንም፤ ኢትዮጵያ ጳጳሶቿን ከግብፅ ታመጣ ነበር፣ የኢየሩሳሌምም መንገድ የታወቀ ነው። አብዛኛው ግን የላስታ፣ የቡግናና የዋግ ሰው ይመስለናል። ቃል ኪዳኑን አምኖ፣ ሊሞት ሲል ካህኑ ንጉሥ አጠገብ አኑሩኝ ያለ ገበሬ፣ ባልቴት፣ መነኩሴ። ይህ ከሆነ አፈ ታሪኩ አይዋረድም። ንጉሣቸውን ለመጠጋት አስከሬን ተሸክመው ያን ዳገት የወጡ ሰዎች ነበሩ ማለት ነው፣ ያውም በየዘመኑ።

በዋግም ሙታንን በደረቅ ዋሻ ማኖር አልቀረም። ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ላይ ክብሩ ለሹማምንቱ ሆነ፣ ሰሌኑም በሳጥን ተተካ። ኽምጥኛ የሚናገረው የሰቆጣ ሰው ሳጥኖቹን ዋግሹሞች እያለ ይጠራቸዋል፤ የይምርሐነዎቹ ግን ስም እንኳን የላቸውም። ጥቅምት 19 ንግሡ ሲደርስ ተሳላሚው ከየአቅጣጫው ዳገቱን ይወጣል፣ ዋሻው በከበሮ ይሞላል፣ እነሱም ከኋላ፣ ጨለማው ውስጥ፣ እንደተኙ ናቸው።